ከስምንተኛው ባር በኋላ፦ አንዲት የሙዚቃ ደራሲ ከፈጠራ መዘጋት የወጣችበት መንገድ

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ የሙዚቃ ደራሲ «ነጠፍኩ» ሲል የሚሰጠው ምክር አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዕረፍ፣ በእግርህ ተንሸራሸር፣ የሌሎችን ሥራ አዳምጥ፣ ስሜቱ ሲመጣ ትጽፋለህ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ጉድለቱ የነጠፈው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ መሰጠቱ ነው። ይህ ጉዳይ የተጻፈው ደራሲዋ «የለኝም» ያለችው ነገር በእጇ ተትረፍርፎ ስለተገኘ፣ የጎደላት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ስለነበረ ነው።

ባለጉዳይዋ ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟ፣ የሥራው ርእስና የአሠሪዎቿ ማንነት አልተጠቀሰም። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ለዓመታት ሙዚቃ በማቀናበርና በማስተማር የሠራሁ በመሆኔ ረቂቆቿን እንድመለከትላት ስለጠየቀችኝ ነው።

## መነሻው

ደራሲዋ በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ትገኛለች። ዋና መሣሪያዋ ፒያኖ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ለድምፃውያን ዜማ ስትሠራ ቆይታለች፤ ለመድረክ ተውኔቶችም በትዕይንቶች መካከል የሚገቡ አጫጭር ሙዚቃዎችን ጽፋለች። በባልደረቦቿ ዘንድ የምትታወቀው በፍጥነቷ ነው። ግጥም በተሰጣት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ዜማው አልቆ ይገኛል።

አንድ የዘመናዊ ዳንስ ቡድን ያቀረበላት ሥራ ግን እስከዚያ ድረስ ከሠራችው ሁሉ የተለየ ነበር። 18 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አምስት ክፍሎች ያሉት፣ በቫዮሊን፣ በቼሎ፣ በክላርኔትና በፒያኖ ብቻ የሚቀርብ ሙዚቃ ነው። ግጥም የለውም፤ የሚዘፍንም የለም። የዳንስ አቀናባሪው የሰጣት መመሪያ የአምስቱን ክፍሎች ስሜት በጥቂት ቃላት የሚገልጽ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የቀረውን ለእሷ ፈቃድ ትቶታል፤ ነፃነቱም በወቅቱ አስደስቷት ነበር። የተሰጣት ጊዜ 4 ወር ሲሆን፣ ወደ እኔ ስትመጣ ከግማሽ በላዩ አልፎ አንድም ያለቀ ክፍል አልነበራትም።

## ችግሩ እንዴት ይታይ ነበር

የቀኗ አካሄድ ተመሳሳይ ነበር። ጠዋት ኮምፒውተሯን ትከፍታለች፣ በኪቦርዱ ላይ ጥቂት ኮርዶችን (በአንድነት የሚመቱ ኖታዎችን) ትሞክራለች፣ የወደደችውን ትቀዳለች፣ ሌላ ድምፅ ትደርብበታለች፣ እስከ እኩለ ቀን ደጋግማ ትሰማዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ትጠላዋለች። በነጋታው እንደገና ከባዶ ትጀምራለች።

«መነሳሳቱ ጠፍቶብኛል» የሚለው የራሷ ማብራሪያ ነበር። ሆኖም ሁለት ነገሮች ከዚህ ማብራሪያ ጋር አልገጠሙም። በእነዚያው ሳምንታት አንድ ድምፃዊ ግጥም አምጥቶላት በሁለት ቀን ዜማውን ጨርሳ ሰጥታዋለች። እንቅልፏም ሆነ ለሌላ ሥራ የነበራት ፍላጎት አልተቃወሰም። ምንጩ ደርቆ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑም ባልመጣ ነበር።

## የተጣሉት ረቂቆች

ስለ ስሜቷ ከመነጋገራችን በፊት የጣለቻቸውን ረቂቆች እንድታመጣ ጠየቅኋት። ደግነቱ አልደመሰሰቻቸውም፤ ዳግም ላለማየት ወደ አንድ ማኅደር ወርውራቸው ነበር። 41 ፋይሎች ተገኙ። አብረን ተቀምጠን፣ ማማርና አለማማራቸውን ወደ ጎን ትተን፣ አራት ነገሮችን ብቻ መዘገብን፤ ርዝመት፣ ፍጥነት፣ ቅኝትና አጀማመር።

ከ41ዱ 34ቱ በ8ኛው ወይም በ16ኛው ባር ላይ ይቆማሉ፤ ባር ማለት ሙዚቃ በተወሰነ የምት ብዛት የሚከፈልበት አጭር ክፍል ነው። ከ8 ባር ያነሰ የለም፤ ከ24 ያለፈም የለም። ፍጥነታቸው ከጥቂቶቹ በስተቀር በደቂቃ ከ68 እስከ 76 ምት ነው። 29ኙ ከላ በሚነሳው ቅኝት፣ በላ ማይነር፣ የተጻፉ ናቸው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በግራ እጅ የፒያኖ ኮርድ ይጀምራሉ። እጇ የለመደውን መንገድ እየተከተለ አንዱን ሐሳብ በተለያየ ቀን ደግሞ ደጋግሞ ጀምሮታል።

ቀጥሎ የሠራነው ስሌት ደግሞ እሷንም እኔንም አስገረመን። በደቂቃ 72 ምት በሚሄድ ባለአራት ምት ሙዚቃ 8 ባር 27 ሰከንድ ያህል ነው። 18 ደቂቃ ደግሞ 324 ባር ይሆናል። ትንሹ ፋይል እንኳ 8 ባር ስለነበረው የ41ዱ ድምር ከ324 ይበልጣል። «ምንም አልጻፍኩም» ያለችው ደራሲ ከተጠየቀችው በላይ ጽፋለች ማለት ነው። ችግሩ የጻፈችው ሁሉ መጀመሪያ መሆኑ ነበር።

ለምን በስምንተኛው ባር ላይ ትቆማለች? አንዱ ምክንያት ኮምፒውተሩ ነው። የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራሞች አንድን አጭር ክፍል መርጦ ያለማቋረጥ እንዲመላለስ የማድረግ ምቾት ይሰጣሉ። ደራሲው በሚመላለሰው ክፍል ላይ ድምፅ በድምፅ ይደርባል። አንዳንዶቹ የእሷ ረቂቆች በ8 ባር ውስጥ ዘጠኝ ድርብ ድምፆች ነበሯቸው። አንዲት ክፍል ብቻ በተሠራችበት ቤት ውስጥ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ እንደ መደራረብ ነው፤ ክፍሏ ትሞላለች፣ ቤቱ ግን አያድግም። ያን ያህል ድምፅ ከተጫነ በኋላ ዘጠነኛውን ባር መጻፍ ዘጠኙንም መስመሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ እጅ ይፈራል። በዚያ ላይ አንድን ነገር ለሰዓታት ያለማቋረጥ የሰማ ጆሮ መሰልቸቱ አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ይመጣባት የነበረው ጥላቻ በአብዛኛው የዚህ ድካም ውጤት እንጂ ፍርድ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ የሙዚቃዋን ቅርጽ የሰጣት ግጥሙ ነበር። ስንኙ ሲያልቅ ዜማው ይተነፍሳል፣ ቤቱ ሲለወጥ ዜማው ይለወጣል፣ አዝማቹ ሲመለስ የምታውቀው ነገር ይመለሳል። ይህን ሁሉ እሷ ወስና አታውቅም፤ ገጣሚው ወስኖላት ይመጣል። አሁን ገጣሚው የለም። የጠፋው የምትሄድበትን የሚነግራት ነገር እንጂ የዜማ ሐሳብ አልነበረም።

ሦስተኛው፣ የ27 ሰከንድ ረቂቋን የምታወዳድረው ተቀርጸው ካለቁ የታላላቅ ደራስያን ሥራዎች ጋር ነበር። ይህ ብዙዎችን ያጠቃል፤ ስለዚህ አላስረዝመውም። ከቤትሆቨን የተረፉትን የረቂቅ ደብተሮች ገጾች ማየቷ ብቻ በቂ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው አንዳንድ ዜማዎች በእነዚያ ገጾች ላይ ተራና ድንግዝግዝ ሆነው ጀምረው ተደጋግመው ተለውጠዋል። ረቂቅ ከረቂቅ ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው ውድድሩ ትክክል የሚሆነው።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

አንድ ዘር መምረጥ። አዲስ ነገር መፈለግ እንዲቆም ተስማማን። ከ41ዱ አንዱ ይመረጥ፤ መራጩ ግን እሷ አትሁን። ክላርኔት ተጫዋቹ ሁሉንም ሰምቶ አራት ኖታ ብቻ ያላትን አንዲት ሐረግ መረጠ፤ ሬ፣ ፋ፣ ሚ፣ ላ። እሷ ከምትወዳቸው ውስጥ አልነበረችም። ይህ ጠቅሟል፤ ያልወደዱትን ነገር ለመቆራረጥና ለመገልበጥ እጅ አይሳሳም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ በወረቀትና በድምፅ ብቻ ሐረጓን መለዋወጥ ጀመረች። ሐረጓ ስትገለበጥ፣ ማለትም የወጣው ሲወርድና የወረደው ሲወጣ፣ ሬ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሶል ትሆናለች። ከኋላ ወደ ፊት ስትነበብ ላ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሬ። የኖታዎቹ ዕድሜ እጥፍ ሲሆን ለቼሎ የምትመች ዝግተኛ መስመር ትወጣታለች። የመጨረሻው ኖታ ሲቀር ደግሞ ጆሮ የሚጠብቀው ሳይመጣለት ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚህ ዘዴዎች ለዘመናት ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው፤ እሷም ተምራቸዋለች። ለዘፈን ሥራ ስላላስፈለጓት ግን በእጇ ላይ አልነበሩም።

ማጥበብ። ለመጀመሪያው ሳምንት ከነዚሁ አራት ኖታዎች ውጭ እንዳትጠቀም፣ ኮርድም እንዳትጽፍ ተወሰነ። ገደቡ የበዛ መስሏት ቅሬታ አሰማች። የሃንጋሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሊጌቲን «ሙዚካ ሪቸርካታ» አብረን ሰማን። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1953 የተጻፉ 11 አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከዳር እስከ ዳር በአንድ ኖታ፣ በላ፣ ብቻ ይሄዳል፤ ሬ የምትገባው በመጨረሻው ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሥራ አንድ ድምፅ እየተጨመረ 11ኛው ላይ 12ቱም የፒያኖ ድምፆች ይሟላሉ። በአንድ ኖታ ብቻ ሲጻፍ ለደራሲው የሚቀረው ዘዴ ምት፣ የድምፅ ጥንካሬና ከፍታ ብቻ ሲሆን፣ እነዚህ ብቻቸውን ሙዚቃ መሸከም እንደሚችሉ ጆሮዋ አረጋገጠ። ቅሬታው ቀረ። ኮርድ ስለተከለከለችም የግራ እጇ ልማድ በራሱ ተሰበረ።

የጊዜ ካርታ። 18 ደቂቃው በወረቀት ላይ በአንድ ረጅም መስመር ተሣለ። አምስቱ ክፍሎች፣ እጅግ ኃይለኛው ቦታ፣ ሙሉ ጸጥታ የሚሆንበት ቦታና እያንዳንዱ መሣሪያ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ኖታ ሳይጻፍ በፊት ምልክት ተደረገባቸው። የዳንስ አቀናባሪውም ካርታውን አይቶ ሁለት ቦታዎችን አዛወረ። ከሁለት ወር በላይ የተቀመጠው ሥራ በሁለቱ መካከል ተጨባጭ ንግግር ያስነሳው ያን ጊዜ ነው።

የሚጣል ግጥም። ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ነው፤ ሐሳቡም የራሷ ነበር። ቅርጽ የሚሰጣት ግጥም ከሆነ ለምን ግጥም አትጽፍም? ለእያንዳንዱ ክፍል ማንም የማይሰማው፣ ለውበቱ የማትጨነቅበት አጭር ግጥም ጻፈች። ግጥሙን እንደ ለመደችው በዜማ አዜመችው፣ በስልኳ ቀዳችው፣ ከዚያ ቃላቱን አውጥታ ዜማውን ለቼሎና ለክላርኔት አከፋፈለችው። ስንኙ የሚያልቅበት ቦታ መተንፈሻ ሆነ፣ አዝማቹ ተመላሽ ሐረግ ሆነ። በአንዳንድ ቦታ የስንኞቹን ርዝመት ሆን ብላ ስታዛባ ሙዚቃውም የዘፈን ሚዛኑን ለቆ ወጣ፤ ዳንሱ የሚፈልገውም ያንን ነበር። በዚህ መንገድ የተጻፈው ሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ አለቀ።

ከመሃል መጀመር። ሦስተኛው ክፍል ቀድሞ ማለቁ መጀመሪያ ላይ አስጨንቋት ነበር። ሥራ ከመጀመሪያው ባር መነሳት አለበት የሚለው ልማድ ከዘፈን ሥራ የመጣ ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ራህማኒኖቭ የሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍሎች ጨርሶ እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ ሞስኮ ውስጥ ሲያቀርብ የመጀመሪያው ክፍል ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ ሙሉው የተሰማው በ1901 ነው። እሷም መግቢያውን ለመጨረሻ አቆየችው። የሚያስገባው ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ መግቢያ መጻፍ ቀላል ነው።

መጻፍንና መፍረድን መለየት። ጠዋት ይጻፋል፣ ያን ቀን ምንም አይጣልም፣ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይገመገማል። ይህ ሕግ በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። በተግባር ግማሹን ጊዜ ጥሳዋለች። ግማሹም ቢሆን ከቀድሞው ይሻላል።

## ያልሠሩት

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ሞክራለች፤ በኋላም የሞከርናቸውና ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

ብዙ ሙዚቃ ማዳመጥ ጎዳት። ለዳንስ የተጻፉ ሥራዎችን ቀኑን ሙሉ ሰምታ ስትቀመጥ የሌሎች ድምፅ ጆሮዋን ሞልቶት ይቆያል፤ የራሷም ነገር ትንሽ ይመስላታል። ከሊጌቲ ሥራ ያገኘችው ጥቅም የተለየው አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዛ ስለሰማችው ነው።

አዲስ የድምፅ ስብስብ ገዝታ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ድምፆችን ስትመርጥ መዋሏ ሥራ መስሎ ታያት። በተፈጥሯዊ መሣሪያ ለሚቀርብ ሙዚቃ ደግሞ ምንም አይፈይድም።

ሙዚቀኛው ብራያን ኢኖና ሠዓሊው ፒተር ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጧቸውን ዓይነት፣ አንድ አንድ ድንገተኛ መመሪያ የተጻፈባቸው ካርዶችንም ሞክራለች። ካርዶቹ በስቱዲዮ ውስጥ በሥራ መሃል ለደረሰ ሰው አቅጣጫ ያስለውጣሉ። ገና አቅጣጫ ለሌላት ለእሷ ግን የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ቶሎ ተወቻቸው፤ ትክክልም አደረገች።

ጎህ ሳይቀድ መነሳቱን ስለመሞከሯ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ደክሟት ነበር።

የእግር ጉዞ ግን ለብቻው ይታይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስትንሸራሸር ምንም አልመጣላትም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስትንሸራሸር ግን ሁለተኛውን ክፍል ከሦስተኛው ጋር የሚያገናኘው መሸጋገሪያ መንገድ ላይ ተፈታላት። ጉዞው ያው ነው፤ ልዩነቱ ይዛ የወጣችው ነገር ነው። አእምሮ በእግር ጉዞ ላይ የሚያላምጠው የተጀመረ ችግር ይፈልጋል። «ወጣ በል፣ ሐሳብ ይመጣልሃል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

## በመሃል የገጠመ መሰናክል

አራተኛው ክፍል ላይ እንደገና ቆመች። ተጫዋቾቹ ረቂቁን ሞክረውት ዋናው የክላርኔት ዜማ ደብዝዞ ተሰማ። «ይኸው፣ ተመለሰብኝ» ብላ ለቀናት አልጻፈችም።

ክላርኔት ተጫዋቹ የነገራት ነገር ቀላል ነበር። መሣሪያው ዝቅተኛና ከፍተኛ የድምፅ ክልሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያሉት ጥቂት ኖታዎች በተፈጥሯቸው የደከሙ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው ስለሚከፈቱ የሚርገበገበው አየር በአጭር የቱቦ ክፍል ውስጥ ብቻ ይቀራል። ዜማዋ በሙሉ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የክላርኔት ድምፅ ሁሉንም ኖታ እኩል አሳምሮ ስለሚያሰማ ይህን ደብቆባታል። ዜማው በአምስት ድምፅ ዝቅ ብሎ ወደ መሣሪያው ጥቁርና ወፍራም ክልል ሲወርድ፣ አንድም ኖታ ሳይጨመር፣ ሌላ ሙዚቃ ሆነ።

እንደ እኔ ግምት ከጠቅላላው ጉዳይ የሚበልጠው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው መቆም የቅርጽ ችግር ነበር፤ ሁለተኛው የመሣሪያ እውቀት ችግር። ምክንያታቸው ለየቅል ሲሆን ከውስጥ ሲሰሙ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ነጠፍኩ» ያሰኛሉ።

## ውጤቱ

ሙዚቃው ከቀነ ገደቡ በፊት ተጠናቀቀ፤ ርዝመቱ 17 ደቂቃ ተኩል ሆነ፤ የዳንስ አቀናባሪውም ተቀበለው። አምስተኛው ክፍል ከሌሎቹ የሳሳ ነው፤ ጊዜው አጥሮ በችኮላ ተጽፏል፣ የአራቱ ኖታ ሐረግም እዚያ ላይ በጣም ተደጋግሟል። ደራሲዋ ራሷ ወደፊት እንደምታስተካክለው ተናግራለች። ከ41ዱ ፋይሎች ሌሎች ሁለቱ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ክፍል ገብተዋል፤ የተጣሉበት ምክንያት መጥፎነታቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታውቋል።

## ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ከጉዳዩ ውስጥ ወደ ሌላ ሰው ሊሻገር የሚችለው መጀመሪያ ነገር ምርመራው ነው። የተዘጋበት ሰው የጣለውን ሰብስቦ የት ላይ እንደሚያቆም ይይ። በስምንተኛው ባር ላይ የሚያቆም ሰው የማስቀጠል ዘዴ ይጎድለዋል። በሁለት ሦስተኛው ላይ የሚያቆም የመዝጊያ ፍርሃት ሊኖርበት ይችላል። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ለማንም የማያሳይ ደግሞ ችግሩ ከጽሑፉ ውጭ ነው። ለሦስቱም አንድ መድኃኒት የለም።

የሚጣል ግጥሙን እንዳለ መቅዳት ግን ለሁሉም አይሠራም። ለእሷ የሠራው ቅርጽን ከግጥም መቀበል የዐሥር ዓመት ልማዷ ስለነበረ ነው። ለፊልም ሲጽፍ የኖረ ሰው የሚጣል ትዕይንት፣ ለጭፈራ ሲጽፍ የኖረ ሰው የእግር እንቅስቃሴ ሊያስፈልገው ይችላል። ጥያቄው «እስከ ዛሬ መንገዱን ያሳየኝ ማን ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ ከተገኘ ያንን ነገር በጊዜያዊነት ሠርቶ ማቆም አይከብድም።

ገደብም ቢሆን መጠን አለው። አራቱ ኖታዎች ለአንድ ሳምንት ጠቀሙ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢቀጥሉ ኖሮ ራሳቸው እስር ይሆኑ ነበር። የአምስተኛው ክፍል ድካም የዚህ ፍንጭ አለበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ረቂቅ ላለው ሰው ነው። ምንም የማይጽፍ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሙዚቃ መስማትም ያስጠላው ሰው የባር ቁጥር ቢቆጠርለት አይጠቀምም። ራህማኒኖቭ የመጀመሪያ ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. በ1897 ክፉኛ ከወደቀ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ሥራ አልጻፈም። በ1900 ኒኮላይ ዳል ወደተባለ ሐኪም ሄዶ ታክሟል፤ ሁለተኛውን ኮንሰርቶም ያበረከተው ለእሱ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ደራሲ ወደ ሙዚቃ መምህር ከመሄዱ በፊት ሐኪም ማየት አለበት።